ፍላጻ ለቃሚው

ኅዳር 4

ለወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምክ? መቀስህ አልዶለዶመም? የሰፈሩ ሰው ፀጉር ማብቀል አላቆመም? እኔ አለሁ። መጋዘኑም አለ፤ እሱ ጎማ ጎማ ይሸታል፣ እኔ ደግሞ እሱን እሸታለሁ፤ አብራኝ የምትኖረው ልጅ በር ስከፍት አፍንጫዋን ትይዛለች። የገባውንና የወጣውን ጎማ ሳመሳክር ስለምውል ሰው ሁሉ ጎማ በጉያው ሸሽጎ የሚወጣ እየመሰለኝ ነው። ጓደኛችንን ቲቸርን በጣም በጣም ሰላም በልልኝ። አክስታችንንም ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ ጠይቅልኝ።

ደብዳቤህን በምሳ ሰዓት ሳነብ የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ በትከሻዬ በኩል አጮልቃ «ግዙፉ ተኩላዎቹን አባረረ» የሚለውን አይታብኝ ኖሯል። ወንድምሽ ጤነኛ ነው ወይ አለችኝ። ጨዋታ ነው አልኳት። እሁድ ከሰዓት ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ጓደኞቹን ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበስባል፤ እሱ ተረቱን ያወራል፣ እያንዳንዳችን በተረቱ ውስጥ አንድ ሰው አለን፤ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ እኛ እንናገራለን፣ ይሳካለት አይሳካለት የምንወረውረው ባለ ቁጥር ዳይስ ይወስናል። እኔ ሩቅ ስለሆንኩ የኔን በደብዳቤ እልካለሁ፤ የኔዋ ቀስተኛ ናት፣ የእጮኛዬ የአናጺው ሰው ግዙፍ ነው፣ የቲቸር ሰው ደግሞ ጢሙ እምብርቱ ላይ የደረሰ አስማተኛ ነው፤ የተወረወረ ፍላጻም ሁሉ ይቆጠራል ብዬ አስረዳኋት። እሷም ታዲያ በሐሳብ የተወረወረ ፍላጻ ምን ያስቆጥራችኋል ብላ ሳቀችብኝ።

እዚህ ላይ ተናደድኩ። የማይቆጠር ከሆነ ተረቱ ምን ዋጋ አለው? እኛ ጠረጴዛ ላይ ሰው መሸከም የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። ፍላጻ ካለቀ አለቀ፣ ችቦ ከጠፋ ጨለማ ነው። ዳይስ ያጭበረበረ ሰው በሳቅ ይታለፋል፣ በሸክሙ የዋሸ ግን ከጠረጴዛው ይነሳል። ይህን ሕግ ያወጣኸው አንተ ነህ። ሴትዮዋ ግን ሾርባዋን ጨርሳ ሄደች።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ከተኩላዎቹ ውጊያ በኋላ ፍላጻዎቼን የለቀመልኝ አስማተኛው ነው ብለህ ጽፈሃል። ለምን? ውጊያ ሲያልቅ ሌላው ወርቅ ፍለጋ የሬሳ ኪስ ሲዳብስ፣ ጎንበስ ብሎ ፍላጻዬን የሚለቅመው ሁልጊዜ ግዙፉ ነው። የተሰበረውን ይጥላል፣ ደህናውን ጠርጎ ይሰጠኛል። ማንም አላዘዘውም። አናጺው እንደሚወደኝ በሌላ መንገድ ነግሮኝ አያውቅም። ተራው በደረሰ ቁጥር አቀርቅሮ «የሷን ፍላጻ እለቅማለሁ» ይላል፤ እኔ ሳይገባኝ ቲቸር ናት ገብቷት የሳቀችው። ያን የሚያህል ነገር ለሌላ ሰው ትቶ ምን ሲሠራ ነበር?

ሌላም አለ። ከደብዳቤህ ግርጌ እሱ የሚጨምራት ሁለት መስመር ዛሬም የለችም፣ ባለፈውም አልነበረችም። ሥራ በዝቶበት ነው እንዳትለኝ። እሱ ሰላም እስኪለኝ ድረስ እኔም ሰላም አልለውም፤ ይህንኑ ንገረው። ስልክ ብደውል ይሻል ነበር፣ ግን የመጋዘኑ ስልክ ያለው አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አለቃዬ ደግሞ ጆሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

አለቃዬ ካልኩ አይቀር፣ ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ኮንትራት ፈርሚ ብሎኛል። ከፍ ያለ ደረጃ፣ የራሴ ቢሮ፣ የራሴ ቁልፍ። መልሱን እስከ ጥር ማለቂያ ይፈልጋል። ሰርጌ በሚያዝያ ነው፣ ወደ አገሬ ሰው ልመለስ ነው ብዬ ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ማን ምን እንደተሸከመ፣ አንድም ሳታስቀር ጻፍልኝ።

እህትህ


ኅዳር 21

ለኔ ዘበኛ፣

መቼም በመዘግየቴ ስትረግሚኝ ከርመሻል። ይቅር በይኝ። የፀጉር ቤቱ ትልቁ መስታወት ከመሃሉ ተሰንጥቆ ሰውን ሁሉ ባለ ሁለት አፍንጫ እያደረገ ሲያስቸግረኝ ነበር። አንዱ ደንበኛዬ አንዱን ጆሮ ዝቅ አድርገህ ቆርጠኸዋል ብሎ ሊከሰኝ ምንም አልቀረውም። አሁን አዲስ መስታወት ገብቷል፤ ሁላችንም ወደ ድሮው መልካችን ተመልሰናል። የአክስታችን ጉልበት እንዳለ ነው፤ አፏም እንዳለ ነው። ቲቸር ሰላም ብላሻለች፣ በጣም ናፍቀሻታል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ይመጣል። አንድም እሁድ አልቀረም ማለት ባልችልም ይመጣል፤ በሩ አጠገብ ያለው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ፍላጻሽን ለምን እንዳልለቀመ እንደ ፖሊስ መርምረሽኛል። የሆነው ይህ ነው፤ ተራው ሲደርስ ዝም አለ። ጠበቅን።  ቲቸር እኔ እለቅምላታለሁ አለችና ጨዋታው ቀጠለ።

የሸክሙን ነገር፣ እንደሚሆን አድርጌ ሳይሆን እንዳለ እጽፍልሻለሁ። ቀስተኛሽ ጋ ምንም አልተነካም፤ ፍላጻዎችሽ ኮሮጆሽ ውስጥ ናቸው፣ የተሰበሩት ሁለት ናቸው። ግዙፉ የያዘው ፋኖስ፣ የውኃ ኮዳና አጭር ጩቤ ነው። የራሱን ትልቅ ቀስት ከነፍላጻው ለአስማተኛው ሰጥቶታል። ገመዱን፣ መጥረቢያውንና ድንኳኑን በቅሎዋ ላይ ጭኗል። አስማተኛው ጢሙ በቀስቱ ጅማት እየተያዘበት ሁለት ጊዜ ዒላማ ስቷል፤ ቲቸር ጢሙን ልላጨው ወይ ብላ ስትጠይቀኝ በሙያዬ አትምጪብኝ አልኳት።

ሥራ በዝቶበት ነው ማለትን አስቀድመሽ ከለከልሽኝ። ስለዚህ ምንም አልልም።

ስለ ኮንትራቱ እኔን ባትጠይቂኝ ደስ ይለኛል። ጥሩ ዕድል ነው። ያን ለማግኘት ምን ያህል እንደደከምሽ አውቃለሁ። ሰርጉን በተመለከተ ደግሞ ሚያዝያ ገና ሩቅ ነው፤ አትጨነቂ፣ በደንብ ብዪ፣ በደንብ ተኚ። መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ሌባ ማድረጉንም ተይ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ወንድም ዓለም፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። መስታወትህ እንኳን ተቀየረ። ቀልድህ ጥሩ ነው፤ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ቀልድ ያበዛል እንጂ አያሳንስም። ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚህ ነህ፤ እናታችን ብርጭቆውን ማን ሰበረው ስትል ቀድመህ የምታስቃት አንተ ነበርክ።

«ሚያዝያ ሩቅ ነው» ብለሃል። በክረምቱ ስንገናኝ ግን ሚያዝያ ደረሰ እያልክ አዳራሽ ካልያዝን ብለህ መላወሻ ያሳጣኸን አንተ ነህ። ያኔ ቅርብ የነበረ ወር አሁን እንዴት ራቀ? «ጥሩ ዕድል ነው»ም ብለሃል። ስሄድ ይህን መጋዘን የእስር ቤት ግቢ ነው ያልክ ሰው አሁን እንድቀር ፈልገሃል ማለት ነው። ለምን እንድቀር እንደፈለግክ ነው ያልገባኝ።

ዝርዝርህን ደጋግሜ አየሁት። ትልቁን ቀስት ሰጠው? ያ ሰው ጀልባው ሊሰጥም ሲል ሁላችንም ዕቃ ጣል እያልነው ምግቡን ወደ ወንዙ ወርውሮ ቀስቱን አቅፎ የተሻገረ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሦስት እሁድ ሙሉ ከሰው ስንቅ እየለመነ በላ። በቅሎዋም ላይ ጫነባት አልክ። አናጺው በቅሎዋ ታሳዝነዋለች። በተረት ውስጥ ያለች በቅሎ ደክሟታል ብሎ የራሱን ሰው ድንጋይ ሲያሸክም የኖረ ሰው ነው፤ ሥራ ቤቱም ውስጥ ከባዱን ሳንቃ ለረዳቶቹ አይሰጥም። አሁን ፋኖስና ኮዳ አንጠልጥሎ እየተንጎራደደ ሌላው ይሸከምለታል። እኔ የማውቀው ሰው እንዲህ አይጭንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠርጥሬአለሁ። አንደኛው፣ አናጺው ጠረጴዛውን ትቶ ሄዷል፤ አንተ ደግሞ እንዳይከፋኝ ብለህ ግዙፉን ራስህ እያጫወትክ ደብዳቤ ትጽፍልኛለህ። ሁለተኛው፣ ይመጣል፣ ግን ለኔ አይደለም የሚመጣው። ቀስቱን ለማን ነው የሰጠው? ለቲቸር። ፍላጻዬን የለቀመችው ማን ናት? ቲቸር። እንዲህ ብዬ መጻፌ ያሳፍረኛል፤ ቲቸርን እንደ እህቴ ነው የምወዳት። ግን እየበላኝ ያለውን ነገር ካንተ ውጪ ለማን እናገራለሁ?

ይኸው ቀጣዩ እርምጃዬ። አሁን ከደረስንበት ድልድይ በላይ ያለው ገደል ላይ ቀስተኛዬ ትወጣለች። ገመዱን ከበቅሎዋ አውርዳ ወገቧ ላይ ታስራለች፤ ጫፉን ግዙፉ በሁለት እጁ ጨብጦ እንዲይዝላት ትሰጠዋለች። ለሌላ ለማንም አትሰጥም። ከያዘላት ትወጣለች፣ ካልያዘላት ትወድቃለች፤ ከወደቀች ሞታለች፣ እሷ የተጻፈችበትን ካርዴን ቅደደው። ይህን በጠረጴዛው ላይ ጮክ ብለህ አንብብ። ከዚያ የሚናገረውን ሳትቀባባ ቃል በቃል ጻፍልኝ። እሱን ሆነህ እንዳትመልስ፤ አውቅብሃለሁ።

ለቲቸር ሰላምታ ልበል አልበል አላወቅኩም። እስቲ በልልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 20

እህት ዓለም፣

እንደምን አለሽ? ይህን ደብዳቤ ስጀምርና ስቀድድ ወረቀት ጨረስኩ፤ አሁን የምጽፍልሽ ደንበኛ አንገት ላይ የምጠቀልለው ወረቀት ላይ ነው። አትጸየፊው። ንጹሕ ነው።

በሕይወቴ ግዙፉን ተክቼ አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም። ይህን እምልልሻለሁ። አናጺው በወንበሩ ላይ ነው። ካላመንሽኝ ምንም ማድረግ አልችልም።

ያልሽውን አደረግኩ። የቀስተኛሽን እርምጃ ጮክ ብዬ አነበብኩ።  ግዙፉ ገመዱን አልያዘም። አናጺው ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። ከዚያ ቃል በቃል እንዲህ አለ፤ «ለቲቸር ስጧት። እሷ ትያዝላት።» እኔ ለሌላ አትሰጥም ተብሏል፣ ካልያዝክ ትወድቃለች አልኩት። «እንግዲያው እኔ ጋ ከሆነ መውደቋ ነው፤ ለቲቸር ስጧት» አለኝ። ኮቱን አንስቶ ወጣ። ቲቸር ወዲያው ገመዱን ይዣለሁ ብላ ዳይሱን ወረወረች። ትዕዛዝሽን አፍርሼ ፈቀድኩላት። ቀስተኛሽ አልወደቀችም። ካርድሽን አልቀደድኩም፣ አልቀድደውም።

ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። የኔ ያልሆነ ነገር አለ፤ ቃል ገብቼበታለሁ። ይህንንም መጻፍ አልነበረብኝም፤ እንዳላየሽ ሆነሽ እለፊው። አንቺ እንደማታልፊው ግን አውቃለሁ። ቲቸር ላይ ያልሽውን ለራሴ ይዤዋለሁ፣ አልነገርኳትም፤ አንቺም ለማንም እንዳትናገሪው። በችኮላ ምንም እንዳትወስኚ ብቻ እለምንሻለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 4

ለወንድሜ፣

አክስታችን ጻፈችልኝ። ክፋት የላትም፣ ታውቃታለህ፤ ያየችውን ሁሉ ስለምትጽፍ ነው የጻፈችው። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤትህ ደጃፍ ስታልፍ በመስኮቱ አይታለች። አንተ ደንበኛ እየላጨህ፣ አናጺውና ቲቸር በጀርባህ በኩል ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር ላይ አጎንብሰው፣ ግንባራቸው ሊነካካ ምንም ሳይቀረው። የቲቸር እጅ በሱ እጅ ላይ ነበር አለች። ከዚያ በር ላይ ወጥተው ቆሙ፤ ቲቸር የኮቱን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፈችለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያቸው። እሱም እንደ ሕፃን ቀጥ ብሎ ቆሞ አስቆለፈ። አክስቴ «ምነው ሰርጉ የማን ነው?» ብላ ነው የጨረሰችው።

አንተም እዚያው ነበርክ፤ መቀስህን ይዘህ። «የኔ ያልሆነ ነገር አለ» አልከኝ። ያንተ ካልሆነ የማን ነው? የኔ ነው። የኔን ነገር ሁላችሁም ተካፍላችሁ ይዛችሁት እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት። ሁለት ወር ሙሉ የሸክም ዝርዝር ላክልኝ እያልኩ ስለምንህ ምን ያህል ስቃችሁብኝ ይሆን?

በጣም ነው የተጎዳሁት። ይህን ለመጻፍ አላፍርም። ከሱ ይልቅ የተቃጠልኩት በቲቸር ነው፣ ከቲቸርም ይልቅ ባንተ ነው። መጋዘን ውስጥ ሰው ሲሰርቅ ስይዝ አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ግን እንዲህ ሆድ ያባባኝም የለም።

ቀስተኛዬ ከገደሉ ወርዳለች። ኮሮጆዋን አስራ፣ ፍላጻዋን ይዛ፣ ማንንም ሳትሰናበት በመጣችበት መንገድ ትመለሳለች። ዳይስ አያስፈልገውም። ከእንግዲህ እርምጃ አልልክም።

ኮንትራቱን ትናንት ፈርሜአለሁ። ሁለት ዓመት ነው፣ ከየካቲት ይጀምራል። አለቃዬ ቁልፉን ዛሬ ሰጠኝ። ቀለበቱን በሚመጣ ሰው እልክለታለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ደብዳቤ አትጻፍልኝ።

እህትህ


ጥር 11

እህቴ፣

አትጻፍልኝ ብለሽኝ እየጻፍኩ ነው። ደብዳቤሽን ያነበብኩት አንድ ሰውዬ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነው። ምላጩን አስቀመጥኩት። ሰውዬው ምንም ሳይጠይቀኝ ኮፍያውን አድርጎ ነገ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

መስከረም ማለቂያ ላይ የአናጺው ሥራ ቤት ውስጥ የእንጨት መሰንጠቂያው ማሽን ቀኝ እጁን ያዘው። አራቱ ጣቶቹ የሉም። አውራ ጣቱ ብቻ ነው የቀረው።

ሆስፒታል ስንደርስ ገና ደሙ ሳይቆም ያለኝ ነገር ለሷ እንዳትነግራት የሚል ነው። አስማለኝ። ስትሄጂ አውቶቡስ ጣቢያ ቆመሽ አንድ ነገር ብትሆኑ ሁሉን ጥዬ ነው የምመጣው ያልሽው ከልቡ አልወጣለትም ነበር። ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ ታስታምመኛለች አለ። ቁስሉ ሲሽር እኔው ራሴ እነግራታለሁ አለኝ። ቁስሉ ሻረ፤ እሱ ግን ከዛሬ ነገ እያለ ቀረ።

መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የተመለሰ እሁድ ከተኩላዎቹ ጋር ነበር የተዋጋነው። ግዙፉንም ተኩላ ቀኝ እጁን በልቶታል ብለህ ያዝልኝ አለኝ። ተው፣ ተረት ነው፣ እዚህ እንኳ እጅ ይኑርህ አልኩት። እምቢ አለ። እኔ የማልችለውን እሱ እችላለሁ ብሎ ቢይዝ በሸክሙ መዋሸት ነው አለኝ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝና ምን ልበለው? ቀስቱ በአንድ እጅ አይሳብም፣ ለቲቸር ሰጠው። ገመድና መጥረቢያ መሸከም አልቻለም፣ በቅሎዋ ላይ ጫነ፤ ይቅርታ እየጠየቃት ነው የጫነው፣ ሁላችንም ሰምተናል።

አንቺ ደግሞ ዝርዝሩን ጠየቅሽኝ። ሌላውን ሁሉ ደበቅኩሽ፣ ቀለድኩብሽ፣ ሚያዝያ ሩቅ ነው ብዬ አሞኘሁሽ። ግዙፉ ቀስቱን ይዟል ብዬ ለመጻፍም ብዕር አንስቼ ነበር። አልሆነልኝም። ስንት ዓመት በሸክም የሚዋሽ ይነሳል ስል ኖሬ በምን አፌ? እውነተኛውን ዝርዝር ላኩልሽ፤ አንቺም አንድ ሳትስቺ ቆጥረሽ ያልሆነ ቦታ ደረስሽ። ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው።

ቲቸር በግራ እጁ መጻፍ እያስተማረችው ነው። አክስታችን ያየችው ደብተር ባለ ሰፊ መስመሩ የአንደኛ ክፍል ደብተር ነው፤ እጁን ይዛ ፊደል ታስጽፈዋለች። መጻፍ የፈለገው ላንቺ ነው፣ ሁለቱን መስመር። የኮት ቁልፍ መቆለፍ እስካሁን አልተሳካለትም፤ ቀኝ እጁን ሰው ፊት ከኪሱ ስለማያወጣ አክስታችን አላወቀችም። በሁለት እጁ ጨብጦ ይያዝልኝ ያልሽው ቀን ከጠረጴዛው የተነሳው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል።

መሐላዬን አፍርሼ ደብዳቤሽን ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ከኅዳር ጀምሮ የላክሻቸውን ሁሉ አምጣ አለኝ። አመጣሁለት፣ ይዟቸው ሄደ። ምን እንደሚያስብ አልነገረኝም፤ ራሴ እጽፍላታለሁ ብቻ ነው ያለኝ። ኮንትራቱ ከየካቲት የሚጀምር ከሆነ እስከዚያ ጊዜ አለ ማለት ነው። ነይም ቅሪም ለማለት ግን አሁን ድፍረት የለኝም።

ወንድምሽ


ጥር 19

ለእጮኛዬ፣

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ፊደሉ ተንጋዷል። ቲቸር ልታርምልኝ ፈልጋ ነበር፣ ከለከልኳት። ስለዚህ ቢቸግርሽም ቀስ ብለሽ አንብቢው። እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ወንድምሽ የነገረሽ እውነት ነው። ስለ እጄ ብዙ አልጽፍም። የደበቅኩሽ እንዳትመጪ ብዬ ብቻ አይደለም። ከመጣሽ በኋላ ለኔ ነው የመጣችው ወይስ ለእጄ እያልኩ ስጠረጥርሽ እንዳልኖር ፈርቼ ነው። ተጠርጣሪ መሆን ምን እንደሚመስል አሁን በራሴ አይቼዋለሁ። አንቺን በዚያ ላኖርሽ ነበር። ለዚህ ይቅር በይኝ።

ፍላጻሽን እለቅማለሁ ማለት አቅቶኝ ነው ዝም ያልኩት። ቃሉን ከአፌ ባወጣው ሁሉም ያምኑኝ ነበር። አንቺን ግን በዚያ ነገር መዋሸት አልፈለግኩም።

ቲቸርን ይቅርታ ጠይቂያት። ምን እንዳሰብሽ አላወቀችም፤ አንቺው ንገሪያት።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አነበብኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። ተናድጄብሻለሁ። ምን እንደተሸከምኩ ጠይቀሻል። ቀስቱን ለማን እንደሰጠሁ ጠይቀሻል። እየመጣሁ እንደሆነ፣ ምን እንዳልኩ፣ ቃል በቃል ይጻፍልኝ ብለሻል። ሌላ ሰው ብሆን ያን ያህል አትመረምሪኝም ነበር፣ ይህን አውቃለሁ። ግን ከኅዳር እስከ ጥር «እሱ ደህና ነው ወይ?» የምትል አንዲት ቃል ፈለግኩ። አጣሁ።

ያን ጠይቀሽ ቢሆን ወንድምሽ ሊደብቅሽ አይችልም ነበር። ይነግርሽ ነበር።

ኮንትራቱን ለእጄ ብለሽ እንዳትቀድጂው። ለቂም ብለሽም እንዳትይዢው። ጥር እስኪያልቅ ጥቂት ቀን አለ። ከሁሉ በፊት ለኔ፣ በስሜ፣ ደህና ነህ ወይ ብለሽ ጻፊልኝ። እዚህ ሁሉም ይጠይቀኛል፣ ለሁሉም ደህና ነኝ እላለሁ።

ላንቺ እውነቱን እመልስልሻለሁ።